ዘፈኑን ወደውታል፤ ዘፋኙስ?

ስለ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪና ስለ ትራንስጀንደር ሙዚቀኞች የተሠሩ ዶክመንተሪዎችን ሳይ አንድ ነገር ደጋግሞ ያጋጥመኛል። ፊልሙ በዘፈን ይጀምራል። መድረክ፣ መብራት፣ ላብ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግን ወሬው ስለ ውል፣ ስለ ፖሊስ፣ ስለ ኑዛዜ ይሆናል። መጀመሪያ ላይ ዳይሬክተሮቹ ከሙዚቃው መንገድ የወጡ ይመስለኝ ነበር። አሁን ገብቶኛል። የእነዚህ ሰዎች የእኩልነት ጥያቄ የተቀመጠው እዚያው ውሉና ኑዛዜው ውስጥ ነው። እስቲ ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ቅድሚያ ቃላቱን እናጥራ። ኤልጂቢቲኪው የሚለው አጠራር ሌዝቢያን፣ ጌይ፣ ባይሴክሹዋል፣ ትራንስጀንደርና ኩዊር የሚሉትን አንድ ላይ ይይዛል። ሌዝቢያን ሴት የምታፈቅር ሴት ናት። ጌይ ብዙውን ጊዜ ወንድ የሚያፈቅር ወንድ ነው። ባይሴክሹዋል ወንድም ሴትም ሊያፈቅር የሚችል ሰው ነው። ትራንስጀንደር የሚለው ግን ማንን ታፈቅራለህ ከሚለው ጋር አይገናኝም፤ ሲወለድ ወንድ ወይም ሴት ተብሎ የተመዘገበበት ጾታና እሱ ራሱን የሚያውቅበት ጾታ የተለያዩበት ሰው ማለት ነው። ኩዊር ደግሞ ብዙዎች ለሁሉም የሚጠቀሙበት ሰፊ ስያሜ ነው። ልዩነቱን ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ላይ ያስፈልገናል። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ብዙ ሰው እነዚህ ሙዚቀኞች ትናንት የመጡ ይመስለዋል። አይደሉም። የብሉዝ እናት የምትባለው ማ ሬይኒ በ1928 ከሴቶች ጋር እንደምትውል፣ ይህን ግን ማንም በማስረጃ እንዳልያዘባት የሚናገር ዘፈን በሸክላ አስቀርጻለች። የአሳታሚው የጋዜጣ ማስታወቂያ ራሱ ያስደንቃል። ሬይኒ የወንድ ኮት ለብሳ፣ ከረባት አስራ፣ ባርኔጣ ደፍታ ከሴቶች ጋር ታወራለች። ከመንገዱ ማዶ አንድ ፖሊስ ቆሞ ያያታል። ልብ በሉ፣ ኩባንያው ነገሩን ያውቃል። አውቆ እየሸጠበት ነው። ፖሊሱንም ሥዕሉ ውስጥ አስገብቶታል። ሥራዋ ይሸጣል፣ እሷን ግን ፖሊስ ይከታተላታል። የዚያ ማስታወቂያ ሥዕል የቀጣዩን መቶ ዓመት ታሪክ አስቀድሞ የነገረን ይመስለኛል።

በዚያው ዘመን ኒውዮርክ፣ ሃርለም ውስጥ ግላዲስ ቤንትሊ ነበረች። ነጭ ቶክሲዶ (የወንድ የክብር ልብስ) ለብሳ፣ ረጅም ባርኔጣ አድርጋ፣ ፒያኖውን እየደበደበች በጎርናና ድምፅ ትዘፍናለች። ሰው እሷን ለማየት ይጋፋ ነበር። ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ። በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ጌይ ተብሎ የተጠረጠረ ሰው ከመንግሥት ሥራ ይባረር ጀመር። ፍርሃቱ ከቢሮ አልፎ መድረክ ላይም ወጣ። በ1952 ቤንትሊ ኢቦኒ መጽሔት ላይ «እንደገና ሴት ነኝ» የሚል ጽሑፍ አወጣች፤ በሆርሞን ሕክምና ዳንኩ አለች። አብረው የወጡት ፎቶዎች ቀሚስ ለብሳ የቤት ሥራ ስትሠራ ያሳያሉ፤ ወጥ ስትቀምስ፣ አልጋ ስታስተካክል። እነዚያን ፎቶዎች ሳይ አፌ ይደርቃል። ያቺ አዳራሽ ሙሉ ሰው የምታስጨበጭብ ሴት፣ እንጀራዋን ለማትረፍ አልጋ ማንጠፍ እንደምትችል በፎቶ ማስረዳት ነበረባት።

አሁን የሮክ ኤንድ ሮል ዘፋኙን ሊትል ሪቻርድን እንይ። ሴፕቴምበር 1955፣ ኒው ኦርሊንስ። ስቱዲዮ ገብቶ የሚቀዳው ሁሉ ቀዝቃዛ ይሆንባቸዋል። በእረፍት ሰዓት ፒያኖ ላይ ተቀመጠና በምሽት ክበቦች የሚጫወተውን «ቱቲ ፍሩቲ» ለቀቀው። ፕሮዲውሰሩ ሲፈልገው የነበረው ይህ መሆኑ ወዲያው ገባው። ችግሩ ግጥሙ ነው፤ የወንድና የወንድ የአልጋ ወሬ በግልጽ ነበረበት፣ በሬዲዮ የማይታሰብ። ዶሮቲ ላቦስትሪ የምትባል ገጣሚ ተጠርታ በጥድፊያ አጸዳችው። ዜማው እዚያው ነው፣ ጩኸቱ እዚያው ነው፣ ፒያኖው እዚያው ነው። ተፍቆ የወጣው የሰውየው ኑሮ ብቻ ነው። መብቱንም ለአሳታሚው በ50 ዶላር ሰጠ፤ ከእያንዳንዱ ሸክላ ሽያጭ የሚደርሰው ግማሽ ሳንቲም ነበር። ከዚያ ፓት ቡን የሚባል ነጭ ዘፋኝ እንደገና ዘፈነውና በአሜሪካው የዘፈኖች ደረጃ፣ በቢልቦርድ ሰንጠረዥ፣ 12ኛ ሆነ። ሪቻርድ 17ኛ። ጥቁርነቱና ጌይነቱ አንድ ላይ ሆነው ሁለት ጊዜ አስከፈሉት። በ1957 ሙዚቃን ትቶ ወደ ወንጌል አገልግሎት ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። በ1995 ዕድሜዬን ሙሉ ጌይ ነኝ አለ፤ በ2017 ደግሞ ይህን የሚኮንን ንግግር አደረገ። አስመሳይ የሚሉት አሉ፤ እኔ አልልም። እምነቱም እውነት ነበር፣ ማንነቱም እውነት ነበር፤ አብረው እንዲኖሩ የፈቀደለት ቦታ ግን አላገኘም።

ወደ ሕጉ እንምጣ። ሕግ ሙዚቀኛን እንዴት እንደሚያስዋሽ ለማየት ሊቤራቼ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ1950ዎቹ በዓለም ላይ ከፍተኛ ክፍያ ከሚያገኙ ፒያኒስቶች አንዱ ነበር። ዴይሊ ሚረር የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ ጌይ መሆኑን በአሽሙር ጻፈበት፤ ሊቤራቼም ጋዜጣውን ከሰሰ። በ1959 ፍርድ ቤት ቆሞ አይደለሁም ብሎ ማለ፤ 8,000 ፓውንድ ተፈረደለት። ያኔ እንግሊዝ ውስጥ የወንድና የወንድ ግንኙነት ወንጀል ነው። እውነቱን ቢናገር ወንጀለኛ ነው፣ ዝም ቢል ሥራው ያልቃል። የቀረው በር ውሸት ብቻ ነበር። ሊቤራቼ በ1987 ከኤድስ ጋር በተያያዘ ሕመም እስኪሞት ድረስ ማንነቱን በይፋ አልተናገረም።

እዚህ ላይ አንድ የማይታይ ነገር አለ። በመዝናኛ ሥራ ውሎች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሥነ ምግባር አንቀጽ የሚባል ይገባል። ፈራሚው ስሙን የሚያጎድፍ ወይም ሕዝብ የሚያስቆጣ ነገር ካደረገ ኩባንያው ውሉን ማፍረስ ይችላል ይላል። አንቀጹ ጌይ የሚል ቃል የለውም፤ አያስፈልገውምም። ሕዝቡ በምን እንደሚቆጣ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ማንም አፍ አውጥቶ ሳይከለክል ሙዚቀኛው ራሱን ይከለክላል። ፍቅረኛውን «ረዳቴ ነው» ይላል፤ በግጥሙ ውስጥ «እሱን» የሚለውን «እሷን» ያደርገዋል ወይም «አንተ» የሚለውን ጾታ በማይለይ ቋንቋ ይሸፍነዋል። እንግሊዝኛ ለዚህ ያመቻል። በአማርኛ ግሱ ራሱ ያጋልጣል፤ «ትወደኛለህ» ብሎ መደበቅ የለም።

በ1967 እንግሊዝና ዌልስ ሕጉን አላሉት። ይህ ግን እኩልነት አልነበረም። የፈቃድ ዕድሜው፣ ማለትም አንድ ሰው ለወሲብ በሕግ ፈቃድ መስጠት የሚችልበት ዕድሜ፣ ለወንድና ለሴት 16 ሲሆን ለወንድና ለወንድ 21 ተደረገ። ይህን ቁጥር ዝም ብሎ የማያልፍ ባንድ በ1984 መጣ፤ ብሮንስኪ ቢት። ሦስቱም አባላት ከመጀመሪያው ጀምሮ ጌይ መሆናቸውን በግልጽ የተናገሩ ነበሩ። የመጀመሪያ አልበማቸውን ስም «የፈቃድ ዕድሜ» አሉት፤ በሸክላው ውስጠኛ መሸፈኛ ላይም የየአገሩን ዕድሜ ዘርዝረው አተሙት። አስቡት፤ አንድ የ18 ዓመት ልጅ ለመደነስ ሸክላ ገዝቶ ቤቱ ይገባል፣ ወረቀቱን ያወጣል፣ አገሩን በጣቱ ይፈልጋል፣ 21 ይላል። ፍቅሩ ወንጀል መሆኑን ከመደነሻው ላይ አነበበ ማለት ነው።

የመጀመሪያ ዘፈናቸው «ስሞልታውን ቦይ» በእንግሊዝ ሰንጠረዥ 3ኛ ወጥቷል። ቪዲዮው ከትንሽ ከተማ በባቡር የሚሰደድ ልጅ ነው። ተደብድቦ፣ ፖሊስ ቤቱ ድረስ አምጥቶት፣ ቤተሰቡ ነገሩን ሰምቶ። ሲወጣ አባቱ ገንዘብ ይሰጠዋል፤ እጁን ለመጨበጥ ግን እምቢ ይላል። ይህቺን አንዲት ቅጽበት ደጋግሜ አያታለሁ። አባትየው ክፉ አይደለም፤ ልጁ መንገድ ላይ እንዳይራብ አስቧል። መንካት ግን አልቻለም።

ይኸው ባንድ በዲሴምበር 1984 ለንደን፣ ካምደን ውስጥ ለሥራ ማቆም አድማ ላይ ላሉ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኞች ገንዘብ ማሰባሰቢያ ኮንሰርት ላይ ዋናው ተጫዋች ሆነ። ጌይና ሌዝቢያን ወጣቶች ናቸው ለዌልስ ማዕድን ሠራተኞች ቆርቆሮ ይዘው ገንዘብ የሚለምኑት። ሠራተኞቹ ውለታውን አልረሱም። በ1985 በለንደን የጌዮችና የሌዝቢያኖች ሰልፍ ላይ ባነራቸውን ይዘው ፊት ፊት ሄዱ፤ በዚያው ዓመት በእንግሊዙ ሌበር ፓርቲ ጉባኤ ላይ የጌዮችንና የሌዝቢያኖችን መብት የሚደግፍ ውሳኔ ሲያልፍ የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር ድምፅ አብሮ ነበር። ዘፈን ሕግን እንዴት ይነካል ለሚለኝ ሰው የምነግረው ይህን ነው። ዘፈኑ በቀጥታ ሕግ አልለወጠም። ሰዎችን አንድ አዳራሽ ውስጥ አገናኘ፣ እነሱ ደግሞ ድምፅ ነበራቸው። የፈቃድ ዕድሜው እኩል 16 የሆነው ግን በ2001 ነው። አልበሙ ከወጣ 17 ዓመት።

ትራንስጀንደር ሙዚቀኞች ጋ ስንመጣ ዋጋው ሌላ መልክ አለው። ቢሊ ቲፕተን የጃዝ ፒያኒስት ነበር። በ1914 ተወለደ፤ ሲወለድ ሴት ተብሎ ተመዝግቧል። የኖረው ግን በወንድነት ነው። ሦስት ወንዶች ልጆች አሳደገ። በ1957 ከባንዱ ጋር ሁለት አልበም አወጣ፤ ሸክላዎቹ ጥሩ ተሸጡ። ሬኖ ከተማ ውስጥ በአንድ ትልቅ ሆቴል በቋሚነት እንዲጫወት ተጠየቀ። ስፖኬን የምትባል ከተማ ሄዶ ጸጥ ብሎ ሠራ እንጂ እሺ አላለም። ለምን? ዝና ሲመጣ ጋዜጠኛ ይመጣል፣ ጋዜጠኛ ሲመጣ የልደት ወረቀት ይፈለጋል። ሐኪም ዘንድም ለዓመታት አልሄደም። በ1989 ቤቱ ውስጥ ወድቆ የድንገተኛ ሕክምና ሰዎች ሲደርሱ ነው ልጁ ስለ አባቱ ሰውነት ያወቀው። ጋዜጦች ደግሞ በዓለም ዙሪያ «አታላይ» አድርገው አወጡት። ልጆቹን ያሳደገ፣ ሸክላ ያወጣ፣ ሕይወቱን ሙሉ የሠራ ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ መሳለቂያ ሆነ።

ስለ እሱ በ2020 የወጣው «ኖ ኦርዲናሪ ማን» የተባለ ዶክመንተሪ ብልህ ዘዴ አመጣ። የሞተን ሰው ወክሎ መናገር ከባድ ነው። ስለዚህ ትራንስጀንደር ተዋንያን ቢሊን ሆነው ለመተወን ሲፈተኑ ካሜራው ይቀርጻቸዋል። አንዱ ቀስ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ቆም ይላል፣ ሌላው ስለ ራሱ ያወራል። ቢሊ አንድ ብቻ እንዳልሆነ በዚያ ይገባችኋል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ሲልቬስተር በ1978 «ዩ ሜክ ሚ ፊል (ማይቲ ሪል)» በሚለው ዘፈን ዓለምን ያስጨፈረ የዲስኮ ኮከብ ነው። ያደገው ጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የወንጌል መዝሙር እየዘመረ ነው፤ ድምፁ ላይ ይሰማል። በ1988 በሳን ፍራንሲስኮ የጌዮችና የሌዝቢያኖች ሰልፍ ላይ በኤድስ ተይዞ፣ ከስቶ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ወጣ። ያኔ ሌሎች ኮከቦች ሕመሙን ይደብቁ ነበር። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 16 ቀን በ41 ዓመቱ ሞተ። በኑዛዜው ከዘፈኖቹ የሚመጣው ገቢ በከተማው ለኤድስ ሕሙማን ለሚሠሩ ድርጅቶች እንዲሄድ አዘዘ። ገንዘቡ ግን ወዲያው አልደረሰም። አሳታሚ ለሙዚቀኛ የሚሰጠው ቅድሚያ ክፍያ ብድር ነው፤ ከሽያጩ ተቀንሶ እስኪያልቅ ድረስ ሮያሊቲ፣ ማለትም ከሽያጩ የሚደርሰው ድርሻ፣ አይከፈልም። የሞተው ዕዳውን ሳይጨርስ ነበር። ዘፈኑ እየተሸጠ፣ እየተሸጠ፣ ዕዳው አለቀና ገንዘቡ ለታመሙት መድረስ ጀመረ። ከሞተ በኋላ ይሠራ ነበር ማለት ነው።

ሲልቬስተር ኑዛዜ ስለነበረው ዕድለኛ ነው። ኑዛዜ የሌላቸው ብዙ ነበሩ። በኤድስ ዘመን አንድ ሙዚቀኛ ሲሞት አብሮት አሥር ዓመት የኖረው ጓደኛው በሕግ ዓይን ባዕድ ነው። ለዓመታት ያላናገሩት ዘመዶች መጥተው ሸክላውን፣ ደብተሩን፣ መብቱን ይወስዳሉ። በአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ደግሞ ሌላ ረቂቅ ነገር አለ። አንድ ደራሲ በወጣትነቱ በርካሽ የሸጠውን መብት ከ35 ዓመት በኋላ ማስመለስ ይችላል (ከ1978 ወዲህ ለተፈረሙ ውሎች)። ከሞተ ይህ ዕድል የሚሄደው ለባሉ ወይም ለሚስቱና ለልጆቹ ነው፤ እነሱ ካሉ ኑዛዜም አይሽረውም። ግን ባል ወይም ሚስት ለመባል ጋብቻ ያስፈልጋል። የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ በመላው አሜሪካ የተፈቀደው በ2015 ነው። ከዚያ በፊት የሞተው ሰው ወዳጅ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ጋብቻ ምን ያደርግላቸዋል፣ ፍቅራቸውን ይዘው ዝም ብለው አይኖሩም ወይ ለሚል ሰው መልሱ ይህ ነው። ዘፋኙ ኤልተን ጆን በዲሴምበር 21 ቀን 2005፣ የሲቪል ጥምረት (ከጋብቻ ጋር የሚቀራረብ ሕጋዊ መብት የሚሰጥ ውል) ሥነ ሥርዓት እንግሊዝ ውስጥ በተጀመረበት ቀን የፈረመው በዋዛ አይደለም።

የሥራ ሕጉም ቀዳዳ አለው። በ2020 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድን ሠራተኛ ጌይ ወይም ትራንስጀንደር በመሆኑ ማባረር ሕገ ወጥ ነው አለ። ትልቅ ድል ነው። ያ የፌዴራል ሕግ የሚጠብቀው ግን ተቀጣሪን ነው። አብዛኛው ሙዚቀኛ ተቀጣሪ አይደለም፤ በየሥራው ተጠርቶ፣ ተጫውቶ፣ ተከፍሎት የሚሄድ ነው። ከበሮ መቺው በሚቀጥለው ሳምንት ካልተጠራ ማን አባረረው ይላል? ስልኩ ዝም አለ፣ በቃ። አንዳንድ ግዛቶችና ከተሞች የራሳቸው ሕግ አላቸው፤ በሁሉም ቦታ ግን የለም።

ሽልማት ላይ ያለውን ክርክር በአጭሩ ልንካው። እንግሊዛዊው ዘፋኝ ሳም ስሚዝ ወንድም ሴትም ነኝ አልልም ስላለ በ2021 ብሪት በተባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ ሽልማት ላይ የሚገባበት የግል ዘርፍ አልነበረም። በ2022 ወንድና ሴት የሚሉት ዘርፎች ተዋሃዱ። በ2023 ደግሞ ለዓመቱ ምርጥ ሙዚቀኛ የታጩት በሙሉ ወንዶች ሆኑ፤ ሴቶቹ ተቆጡ፣ በ2024 የዕጩዎቹ ቁጥር ወደ 10 ከፍ አለ። ለአንዱ በር ስትከፍት ሌላውን እንዳትዘጋ ማየት ይጠይቃል።

ይህ ሁሉ የምዕራቡ ዓለም ጉዳይ ነው የሚል ካለ ማሽሩዕ ለይላን ያስብ። የሊባኖስ ባንድ ነው፤ ዘፋኙ ሐመድ ሲኖ ጌይ መሆኑን አልደበቀም። በሴፕቴምበር 2017 ካይሮ ውስጥ ሲጫወቱ ከአድማጮች መካከል ጥቂቶች የኤልጂቢቲኪው ምልክት የሆነውን የቀስተ ደመና ባንዲራ አነሱ። ፎቶው ተሰራጨ፣ እስሩ ተከተለ። ባንዲራውን ካነሱት አንዷ ሳራ ሄጋዚ ታሰረች፣ ተሰቃየች፣ ካናዳ ተሰደደች፤ በጁን 2020 እዚያው ሕይወቷ አለፈ። ባንዱም በ2019 በገዛ አገሩ ቢብሎስ ላይ ሊጫወት የነበረው ኮንሰርት በማስፈራሪያ ተሰረዘ፤ በ2022 ተበተነ። ጥፋቱ አንድ ጨርቅ ከፍ ማድረግ ነበር።

እንግዲህ ዶክመንተሪ ሠሪዎቹ የሚገጥማቸውን አስቡ። አንድ ዘፈን ፊልም ውስጥ ለማስገባት ሁለት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አንዱ የዜማና የግጥሙ፣ አንዱ የተቀዳው ድምፅ። ፈቃዱ ያለው ወራሹ ወይም አሳታሚው ጋ ነው። ሙዚቀኛውን በሕይወት ሳለ ያባረረው ቤተሰብ ወራሽ ከሆነ፣ ታሪኩ በምን ልክ እንደሚነገር የሚወስነው እሱ ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ ምስል የለም። ተደብቆ የኖረ ሰው የልደት ቪዲዮ አያስቀርጽም፤ ደብዳቤውን ያቃጥላል።

ለዚህ ነው ጃኪ ሼን ላይ የተሠራው የ2024 ፊልም ልቤን የነካው። ጃኪ በ1940 ናሽቪል የተወለደች ጥቁር ትራንስጀንደር የሶል ዘፋኝ ናት። በ1960ዎቹ ቶሮንቶ ውስጥ ትልቅ ስም ነበራት። በቴሌቪዥን የተቀረጸ የሚታወቅ ምስሏ በ1965 የዘፈነችው ብቻ ነው። በ1971 ከመድረክ ጠፋች። ሞታለች የሚል ወሬም ተናፈሰ። በ2017 የድሮ ሥራዎቿ ተሰብስበው ሲወጡ ለግራሚ ታጩ። እሷ ለካ ናሽቪል ቤቷ ውስጥ አለች። ሰው አታገኝም፤ በስልክ ግን ታወራለች። ፊልሙ የቆመው በዚያ የስልክ ድምፅ ላይ ነው፤ ምስል የሌለበትን ቦታ በተሳለ ምስል ሞሉት። በፌብሩዋሪ 2019 ሞተች። ንብረቷን የተረከቡት የቤተሰቧ አባላት እንዲህ ያለች ዘመድ እንዳለቻቸው እንኳ አያውቁም ነበር። ቤቷ ገብተው ሣጥኖቹን መክፈት ጀመሩ። የመድረክ ልብሶቿ፣ ፎቶዎቿ፣ በእጇ የጻፈችው የሕይወት ታሪኳ፤ ሁሉንም አስቀምጣዋለች።